ቁጥር ሦስት ውስጥ ሰው አለ

ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ መጋዘኑን የቁጥር ሦስት ክፍል በር የከፈተችው የጽዳት ሠራተኛ አልጮኸችም። በሩን መልሳ ገርበብ አደረገችና ወደ ዘበኛው ሄዳ፣ «ጋሽ ጥራት እዚያ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ብጠራቸውም አይነሱም» አለችው።

ሟቹ የመጋዘኑ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበር። ሥራውን ከነፍሱ ስለሚወድ ስሙ ተረስቶ «ጋሽ ጥራት» ሆኖ ቀርቷል። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ከእንጨት ርብራብ ላይ ተቀምጦ፣ ጋዋኑን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ አገኘችው። የግድግዳው ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች ሃያ ይላል። በደረት ኪሱ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ስምንት አኃዝ ያለው ቁራጭ ወረቀት ነበር። ሌላ ምንም የለም። ስልክ ይዞ ወደ ቅዝቃዜው መግባት ስለማይፈቀድ የእሱ ስልክ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል።

«ይህን ተመልከቺ» አለ ሳጅኑ። ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር የቀረው፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው፤ አሁን ግን ድምፁ ዝቅ ብሏል።

ከበሩ በውስጥ በኩል የአደጋ ጊዜ እጀታው ተነቅሎ ቦታው ባዶ ነው። «ጥገና ይጠብቃል» የሚል ካርድ ተንጠልጥሎበታል፤ ከሦስት ወር በፊት የጻፈው ራሱ ሟቹ ነው። ከካርዱ ጎን ቀይ የአደጋ ቁልፍ አለ። ቁልፉ ላይ የደረቀ ደም ነበር። ሰውዬው አውራ ጣቱ እስኪላጥ ተጭኖታል።

«ሲጫኑት ምን ያደርጋል?» ብላ ጠየቀች ኢንስፔክተሯ።

«ደወል ይደውላል፣ በሩንም ይከፍታል» አለ ዘበኛው ከበስተኋላዋ። «ግን አልደወለም። ቅዳሜ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት እዚህ ነበርኩ፤ ምንም አልሰማሁም።»

ሐኪሙ አስከሬኑን አይቶ ነገሩን አሳጠረው። «የሞተው ቅዳሜ ከምሽቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በሩ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከተዘጋ፣ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሙሉ በሕይወት ነበር።»

ዘበኛው ስድሳውን ያለፈ ሰው ነው። ኢንስፔክተሯ የራሱ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችው።

«አባባ፣ ቅዳሜ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ቁጥር ሦስትን አይተውታል?»

«አይቻለሁ። ባዶ ነበር።»

«መብራቱ በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ?»

ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፣ አላየሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በኮምፒውተሩ መዝገብ ላይ ሁሉንም ሰው 'ወጥቷል' ብዬ እሞላለሁ። አሥር ሰዓት ላይ በሩን የሚዘጋው ማሽኑ ነው። ውስጥ እንቅስቃሴ ካለ ሴንሰሩ ያየዋል፣ ሰው እያለ አይዘጋም ብለው ነው ያስተማሩን። ስድስት ዓመት እንደዚያው ነው የሠራሁት።»

«ይህን ልማድዎን ማን ያውቃል?»

«የማያውቅ አለ? ሟቹ እንኳ ሁልጊዜ ይቆጣኝ ነበር።»

ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ኢንስፔክተሯ ትታው ወጣች። ያ ሰው ቸልተኛ ነው፤ ግን ደወሉን ያፈነው እሱ አይደለም። ኮምፒውተር ከማብራትና 'ወጥቷል' የምትለውን ከመጫን ሌላ እንደማያውቅ መላው መጋዘን ይመሰክርለታል።

የበሮቹን ፕሮግራም የምትጠብቀው ልጅ ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቁመቷ ስላጠረና ከጠረጴዛዋ ስለማትነሣ «ጉንዳን» ይሏታል። ሳጅኑ ቀድሞ ገብቶ ከማተሚያው የወጡ ወረቀቶችን ሲያገላብጥ ቆይቷል። አንዱን አንሥቶ ለኢንስፔክተሯ አሳያት።

«ነገሩ አለቀ» አላት በሹክሹክታ። «or die ይላል። 'ወይም ሙት' ማለት ነው። አሥራ አንድ ቦታ ላይ ጽፋዋለች፤ ቆጥሬያለሁ።»

ጉንዳን ሰምታለች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ዛቻ አይደለም ሳጅን። ፒኤችፒ በሚባለው ቋንቋ እንዲያ ነው የሚጻፈው። 'ይህን ፋይል ክፈት፣ አልከፈት ካለ እዚያው አቁም' ማለት ነው። የሚሞተው ፕሮግራሙ ነው።»

«ታዲያ 'አቁም' አትሉትም?»

«ቋንቋውን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም።»

«እኛ እንዲህ ብለን ሪፖርት ብንጽፍ በማግስቱ እንታሰር ነበር» አለ ሳጅኑ፤ ወረቀቱን ግን መለሰላት።

ኢንስፔክተሯ በቁጥር ሦስት በር ፕሮግራም ላይ የተደረጉ ለውጦችን እንድታሳያት ጠየቀቻት። ልጅቷ ዝርዝሩን ከፈተችና እጇ መዳፊቱ ላይ ደረቀ። የመጨረሻው ለውጥ የተመዘገበው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ፣ በራሷ መለያ ስም ነበር።

«ቅዳሜ አልመጣሁም» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ወይስ ዓርብ የጀመርኩትን ነው? እኔ እንጃ። ጋሼን ልጥራው? እሱ አይቶ ይነግረናል።»

ጋሼ የምትለው ኮሌጅ ያስተማራትን መምህር ነው። ኢንስፔክተሯ ስሙን ስትሰማ ልቧ ረጋ አለ። ሰውዬው የከተማዋን ፕሮግራመሮች እኩሌታ ያስተማረ፣ ፖሊስንም በነፃ የሚያማክር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የጠፋ ሕፃን የተገኘው እሱ ሌሊቱን ሙሉ የስልክ መስመር ሲከታተል አድሮ ነው። በዚያ ጉዳይ ኢንስፔክተሯ ማዕረግ ስታገኝ፣ ሊያመሰግኑት ሲጠሩት እንኳ አልመጣም። የዚህን መጋዘን ፕሮግራም የሠራው እሱ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ለተማሪው ለጉንዳን አስረክቧል። ከሟቹ ጋር ደግሞ ሃያ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረዋል።

መምህሩ የመጣው ከሟቹ ቤት ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ኮምፒውተሩ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጠና አንድ ወረቀት አትሞ ኢንስፔክተሯን ወደ መስኮቱ ወሰዳት። በወረቀቱ ላይ ሁለት መስመሮች ነበሩ።

«በሩ ከመዘጋቱ በፊት ፕሮግራሙ ሁለት ነገር ይጠይቃል» አላት በእርሳሱ እያመለከተ። «አንድ፣ መዝገቡ ሁሉም ወጥቷል ይላል ወይ? ሁለት፣ ሴንሰሩ እንቅስቃሴ አያይም ወይ? ሁለቱም አዎ ካሉ ክፍሉ ባዶ ነው፤ ይዘጋል። ሁለቱን የሚያገናኝ 'እና' ያስፈልጋል። በዚህ ቋንቋ ሁለት ዓይነት 'እና' አለ። አንዱ በምልክት ይጻፋል፣ ሌላው በፊደል፣ and ተብሎ። ይመሳሰላሉ። በምልክት የሚጻፈው ጉልበተኛ ነው፤ መጀመሪያ ሁለቱን መልሶች አገናኝቶ ውጤቱን ያስቀምጣል። በፊደል የሚጻፈው ደካማ ነው፤ ተራው የሚደርሰው ከእኩል ምልክቱ በኋላ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ የመዝገቡን መልስ ብቻ ይዞ 'ባዶ ነው' ብሎ ያስቀምጣል። ከዚያ ሴንሰሩን ይጠይቃል።»

«ሴንሰሩስ ምን ይላል?»

«ሰው አለ ይላል። ግን መልሱ የትም አይቀመጥም። በሩ ይዘጋል።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን ትኩር ብላ አየችው። «ቀዩ ቁልፍስ?»

«ሁለተኛው መስመር ነው። ቁልፉ ሲነካ መጀመሪያ የደወሉ መዝገብ ይከፈታል፤ ካልተከፈተ ፕሮግራሙ እዚያው ይሞታል። ደወሉና መክፈቻው ከዚያ በታች ናቸው። መዝገቡ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ተነሥቷል፤ አልከፈት ብሏል። ሁለቱም በችኮላ የሚሠሩ የጀማሪ ስህተቶች ናቸው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አደራሽን። ልጅ ናት። እንደ ወንጀለኛ አትያዥብኝ።»

ወደ ጉንዳን ሄዶ እጁን ትከሻዋ ላይ አኖረ። «ተሳስቼ ነው በይ፣ የኔ ልጅ። በስህተት መሞትና መገደል አንድ አይደለም። እኔ አጠገብሽ አለሁ።»

ልጅቷ ቃሏን ሰጠች። መምህሩ መስመር በመስመር አነበበላት፤ ፈረመች። ፊርማዋ ከመስመሩ ወርዶ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አለቀ።

ማክሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ከስምንቱ አኃዝ ጋር ተፋጠጠች። የስልክ ቁጥር አይደለም። የመድኃኒት ሣጥን ላይም የለም። ወፍራም ካፖርት ተውሳ መሰላል አስይዛ ቁጥር ሦስት ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ አየች። ከበሩ ርቆ፣ ከመጨረሻው መደርደሪያ በላይ፣ አቧራ የለበሰ የሙቀት መለኪያ ሴንሰር ነበር። ከሥሩ የተለጠፈው ቁጥር ስምንት አኃዝ ነው። ያው ራሱ።

ከመሰላሉ ወርዳ የሟቹን ቢሮ ፈተሸች። መሳቢያው ውስጥ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ነበር። በአንድ ዓምድ በእጁ ቴርሞሜትር የለካውን ጽፏል፤ በሌላው ዓምድ ኮምፒውተሩ ያሳየውን። ኮምፒውተሩ «ሃያ ከዜሮ በታች» በሚልበት በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ የእጁ መለኪያ ከዜሮ በታች አራት፣ ሦስት፣ ሁለት እያለ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ክትባቱ ሞቆ ወጥቷል። ቁጥሩን ሰው ነክቶታል። እስከ ሰኞ ራሱ እንዲናገር ነግሬዋለሁ።»

ማንን እንደነገረው አልጻፈም።

ጉንዳንን በወንድሟ ቤት አገኘቻት። የወንድሟ ሚስት በሩን ስትከፍት ፊቷ ተቋጥሯል።

«ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ቤት ስንቀይር አብራን ነበረች» አለች ሳትጠየቅ። «ሰባት ሰው ይመሰክራል። ለምን እንደፈረመች እሷን ጠይቂያት።»

ኢንስፔክተሯ ከልጅቷ ጋር ገና ባልተፈቱ ካርቶኖች መሃል ተቀመጠች።

«የሙቀት ሴንሰሩን ቁጥር ማወቅ የፈለገ ሰው ወደ ውስጥ ገብቶ ማንበብ አለበት?»

«ምን በወጣው? ኮምፒውተሩ ላይ አለ እኮ።»

«ስለዚህ አንብብልኝ ብሎ የላከው ሰው ቁጥሩን አልፈለገም።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን ገለጠች።

«ቅዳሜ ከሰዓት ከቢሮሽ ወደ ሟቹ ቢሮ በውስጥ መስመር ተደውሏል። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ሁለት ደቂቃ። የቢሮሽ ቁልፍ ማን ጋ አለ? የይለፍ ቃልሽስ?»

«ጋሼ ጋ ብቻ» አለች ልጅቷ። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት። «እሱ እኮ ነው ያስተማረኝ። ስታመም ገብቶ ይሠራልኝ ነበር፤ በኋላ በር ስለሚገባ ዘበኛው እንኳ አያየውም። ከሱ የምደብቀው ምን አለ?»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን ዘጋች። ለራሷም ያንኑ ጥያቄ እየጠየቀች ነበር። የቅዳሜውን ለውጥ ከኮምፒውተሩ አስወጥታ አምጥታ ነበር፤ መምህሩ የሰጣት ወረቀት አብሯት ነበርና ጎን ለጎን አደረገቻቸው። የመምህሩ ሁለት መስመር ነው። ሙሉው ለውጥ ግን ሦስት።

«ይህን ሦስተኛ መስመር ለምን የቆረጠው ይመስልሻል?»

ጉንዳን ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ አነበበች።

«ክፍሉ ባዶ ከሆነ 'ቁጥር ሦስት ባዶ ነው' ብሎ ስክሪን ላይ እንዲጽፍ ነው። ግን print ብሎ ነው፣ and ከሚለው ቃል ጋር አገናኝቶ።»

«ምን ችግር አለው?»

«እኔ እንዲህ አልጽፍም። ስክሪን ላይ ለመጻፍ ሁለት ትእዛዝ አለ። እኔ የምጠቀመው echo ነው። እሱ ግን መልስ አይሰጥም፤ 'እና' እና 'ወይም' መሃል ብታስገቢው ፕሮግራሙ ጭራሽ አይነሣም። print ትእዛዝ ይምሰል እንጂ መልስ ይሰጣል፤ ሁልጊዜ አንድ፣ ማለትም 'አዎ' ይላል። ስለዚህ እንደማንኛውም ነገር በ'እና' ይያያዛል። ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። ጋሼ ነው እንዲህ የሚጽፈው። ክፍል ውስጥ እየሳቀ ያሳየን ነበር፤ 'ሌላው ሦስት መስመር የሚጨርስበትን እኔ በአንድ' እያለ።»

«የድሮው ፕሮግራም ላይ አለ?»

«እሱ የጻፈው ሁሉ ላይ አለ። እኔ በሁለት ዓመት አንድም ጊዜ አልጻፍኩትም፤ ማየት ትችያለሽ።» ጣቷንም ሁለተኛው መስመር ላይ አኖረች። «ደሞ ይሄ። እኔ ደወሉን ከላይ ነበር ያደረግሁት፤ መዝገቡን ከታች። አሁን ተገለባብጧል። እኔ አልገለበጥኩትም።»

ከዚያ በኋላ ነው ማልቀስ የጀመረችው። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እያነበበልኝ ነው ያስፈረመኝ እኮ» አለች።

ሳጅኑ ቀኑን ሙሉ ሌላ ባለሙያ አስቀምጦ በሁለቱ ፕሮግራሞች ውስጥ print የሚለውን አስቆጠረ። በመምህሩ ሥራ ውስጥ አርባ ሁለት ቦታ። በጉንዳን ሥራ ውስጥ ምንም።

ይህ ብቻ ግን ሰው አያስርም። መምህሩ ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፈተና ሲቆጣጠር እንደነበር ራሱ ተናግሯል፤ የፈተናው መቆጣጠሪያ ወረቀት ላይም ፊርማው አለ። ኢንስፔክተሯ ረቡዕ ኮሌጁ ሄዳ አብራው የተቆጣጠረችውን መምህርት አገኘች። ሴትየዋ መልስ ከመስጠቷ በፊት በሩን ዘጋች።

«ስምንት ሰዓት ላይ ወጥቷል። ጥርሴን አሞኛል አለኝ። መቆጣጠሪያውን ቀድሞ ፈርሞ ነበር፤ ችግር እንዳይገጥመው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ተመለሰ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ፤ ወረቀት ሰብስቦ አስረከበ። ጥርስህ እንዴት ሆነ ስለው 'ቀዘቀዘልኝ' አለኝ።»

ሳጅኑ በዚያ ሰፈር ያሉትን የጥርስ ክሊኒኮች ሁሉ ዞረ። ሦስት ናቸው። የትኛውም አላየውም።

ሐሙስ ከሰዓት መምህሩ ቢሮው ውስጥ የፈተና ወረቀት እያረመ ነበር። ኢንስፔክተሯን ሲያይ ወንበር ሳበላት። እሷ አልተቀመጠችም። ሦስት መስመር ያለውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አየው። ብዕሩን ከደነ።

«የቱ ጋ ነው?» አለ እንደ ሥራ ባልደረባ።

«መጨረሻው ላይ። የቆረጡት።»

«print» አለ። ትንሽ ፈገግ ሊል ፈልጎ አቃተው። «እጄ ለምዶት ነው። ቁጭ ብዬ ያሰብኩበት እሷ እንዴት እንደምትሳሳት ነበር። ለራሴ አላሰብኩም።»

«ለምን?»

«በሠራሁት ፕሮግራም የሙቀት ሴንሰሩ ይሳሳት ነበር። መጀመሪያ አላወቅሁም። ሳውቅ ክትባቱ ሞቆ ወጥቷል። ስሜ ላይ እንዳይመጣ ቁጥሩን አስተካከልኩት። አንድ ጊዜ ካስተካከልሽ በኋላ ሁልጊዜ ማስተካከል ነው። እሱ በእጁ ለክቶ ደረሰብኝ። እስከ ሰኞ ቀነ ገደብ ሰጠኝ። የሃያ ዓመት ጓደኛዬ ነው፤ በፍቅር ነው የነገረኝ፣ 'ራስህ ተናገር፣ አብሬህ እቆማለሁ' ብሎ።»

«እርስዎ ደግሞ አሥር ሰዓት ሲቃረብ ገብተህ የሴንሰሩን ቁጥር አንብብልኝ፣ ሳልናገር በፊት ላስተካክለው ብለው ላኩት።»

«ደስ ብሎት ነው የገባው» አለ መምህሩ።

ኢንስፔክተሯ የጠፋውን ሕፃን አስታወሰች። ይህ ሰው ያን ሌሊት እስከ ጠዋት አብሯት ሲቀመጥ ያየችውን ፊት ፈለገች። ያው ፊት ነው፤ አንድም የተለየ ነገር የለውም። ይህ ነው ያስከፋት።

«ልጅቷስ?»

«በስህተት ቢባል ሁለት ዓመት፣ ምናልባትም በገደብ ትለቀቃለች። ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች ብዬ ነበር።»

ሳጅኑ ካቴናውን ሲያወጣ መምህሩ እጁን ሰጠ። ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ተማሪዎች፣ «ደህና ዋሉ መምህር» አሉት። እንደወትሮው አጸፋውን መለሰላቸው።

ዓርብ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ብቻዋን ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ሚስቱ ዜናውን በሌሊት ሰምታለች። ግቢው ባዶ ነበር፤ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁሉ እንዲሄዱላት ለምናለች። የሟቹንና የመምህሩን ግቢ የሚያገናኝ ትንሽ በር አለ፤ በሁለቱም በኩል መሸጎሪያ የሌለው። ሴትየዋ ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣ ነበር።

«ቅዳሜ ባለቤቴ ሲቆይብኝ ለእሱ ነበር የደወልኩት» አለች። «አሥራ ሁለት ተኩል ላይ። መጋዘኑ እንሂድ አልኩት። 'ዘበኛውን ጠይቄያለሁ፣ ወጥቷል አለኝ፣ አትጨነቂ' አለኝ። እሑድ በመኪናው ከጠዋት እስከ ማታ ሆስፒታል ለሆስፒታል ይዞኝ ዞረ። እያንዳንዱ በር ላይ ቀድሞኝ እየወረደ ይጠይቅልኝ ነበር። እንዳልቆም ብሎ ወንበር ይለምንልኝ ነበር።»

«ዘበኛውን አልጠየቀም» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አሁን ገባኝ።»

ከጎረቤት ግቢ የመምህሩ ሚስት ሳል ተሰማ፤ ከዚያ የሚዘጋ መስኮት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ሴትየዋ። «ሰው ሁሉ እየዋሸኝ ስለከረመ አንቺ አትዋሺኝ።»

«አልዋሽሽም።»

«አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ስደውልለት፣ ባለቤቴ በሕይወት ነበር?»

ኢንስፔክተሯ በሥራዋ ብዙ ቤት ገብታ ብዙ ነገር ተናግራለች። አንዳንዱን አለስልሳ፣ አንዳንዱን ቆርጣ አስቀርታ። አሁን ግን ሴትየዋን ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«ነበር» አለች።

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። «እሱም ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ስልኩን ሲያነሣ 'እህቴ' ነው ያለኝ» አለች ሴትየዋ።